ባለ ሰባት ዛላው ቀሚስ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አደይ፣ እንደምን ባጀሽልኝ? ልጆቹስ? ከብቱስ?

አስቀድመሽ የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስልሽ። ባልሽ አልመቱኝም። የመቱት መስታወቱን ነው። ደንበኛ ለብሶ ከራሱ እስከ እግሩ የሚያይበት ትልቁ መስታወቴ በአካፋ ታፍሶ ወጥቷል። የመደርደሪያው እግርም ተሰብሯል፤ እሱ ግን ድሮም በሽቦ የታሰረ ስለነበር በእሳቸው ኃጢአት ላይ አልጨምረውም።

ኧረ እትዬ፣ ሰው እንዴት የሚስቱን እህት በር በእርግጫ ይከፍታል? ከትናንት ወዲያ ጠዋት ነው። ነጠላ ልትገዛ ከመጣች ሴትዮ ጋር ቆሜያለሁ። ጋሼ ገነነ ገቡ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ፣ ለወንድማቸው ለታከለ ጥሎሽ ያሠራሁትን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። "በሰባት ቀን ይመለሳል ብለሽ ጽፈሻል አሉ። ዛሬ አምስተኛው ነው። ብሬን!"

"ጋሼ፣ ምን ጉድለት ተገኘበት?" ብላቸው "ጉድለቱማ የኛ ነው" አሉና ዱላቸውን ከመስታወቱ ጋር አገናኙት። ሴትዮዋ ነጠላውንም አንድ እግር ጫማዋንም ጥላ በረረች። ጫማዋ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።

ብሩን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? የቴሌግራም ቻናሌ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሸማኔው የሸመነውን መልሶ አይወስድ፣ ጠላፊዋ የጠለፈችውን አትፈታ፤ የተመለሰ ሁሉ የሚያርፈው እኔ ጫንቃ ላይ ነው። ይሁን ብዬ ቻልኩት። የከነከነኝ ሊወጡ ሲሉ ከበሩ ዞረው ያሉኝ ነው። "ይህን ቀሚስ ዛሬውኑ አቃጥይው። ሌላ ሴት ገላ ላይ ያየሁት ቀን ያለበሰውንም የሸጠውንም አልምርም" አሉኝ። ብሩንም መልሺ፣ ዕቃውንም አቃጥይ! እንዲህ ያለ የደንበኛ መብት በየትኛው አገር አለ በይ?

ሠርጉ መፍረሱን ከሰው ሰማሁ እንጂ ምን እንደተፈጠረ አላውቅም። አንቺው ጻፊልኝ። እናንተ ዘንድ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ያለችን በርበሬ ነጋዴዋ እንቁ ናት። ከበርበሬዋ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ስለምትከተው ደብዳቤሽን እያነጠስኩ ነው ያነበብኩት።

ታናሽሽ ወይኒቱ


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይኒ እህቴ፣

የመስታወቱ ጥፋት በእኔ ይሁን። ገነነ ይቅርታ የሚል አፍ የለውም፤ እኔ ልበልልሽ። ጤፍ ሲወቃ አንድ ቁና እሰድልሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም፣ ዘንድሮ ጎተራው ራሱ ይቅርታ ጠያቂ ሆኗል። እንዲያው እግዜር ይተካልሽ።

ምን ተፈጠረ አልሽኝ። ልንገርሽ። እሑድ ዕለት ማንኩሳ አጠገብ ሙሽሪት ሀይማኖት ዘንድ፣ አባቷ ቤት ደረስን። ዳሱ ጢም ብሏል፣ የሦስት ደብር ሰው አለ። ወጉ ነውና የጥሎሹ ልብስ በሕዝብ ፊት ተዘረጋ። ቀሚስሽ ሲገለጥ ደረቱ ላይ ሰባቱ የስንዴ ዛላ በወርቅ ክር ቦግ አለ፣ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔ እንዴት እንደኮራሁ! የጥልፉን መልክ ያወጣሁት እኔ፣ ያሠራሽው አንቺ። የነገነነ ቤት ሰባት ወንድማማች ነውና በወንድም አንድ ዛላ፣ ከእኛ ቤት በቀር የትም የለም ብዬ።

ከዚያ የሙሽሪት አጎት "ወርቁስ?" አለ። ወርቁ አልነበረም። እስከ ፋሲካ እናደርሳለን ብለን ነበር፤ ሽማግሌው ያንን ቃል ለእነሱ ማድረስ ረስቷል ወይም ፈርቷል። የሀይማኖት ወንድም ተነሣና ቀሚሱን በእግሩ ገፋው። "ስንዴ ከሆነ እኛም ጎተራ አለን፣ ይዛችሁ ሂዱ" አለ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። ሽመሉ ከየት እንደመጣ አላየሁም። የገነነ ወንድም ጥርስ፣ የእነሱ አጎት ግንባር፣ የማላውቀው ሰው ክንድ፤ ጠላው በጋኑ ተገለበጠ፣ ደምና ጠላ እየረገጥን ወጣን። ሀይማኖትን በጓሮ በር አሸሿት። ባዶ በቅሎ እየጎተትን ተመለስን።

ታከለ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን አልከፈተም። እህል አይቀምስም፣ ከብት አያይም፣ ሽመሉን በቅቤ እያሸ ይውላል።

እንግዲህ ያ ቀሚስ ተራ ቀሚስ አይደለም፣ የሦስት ደብር ሰው ያየው የኛ ውርደት ነው። አቃጥለሽዋል ወይ? እኔ አውቅሻለሁ፣ አንቺ የተቀደደ ካልሲ የማትጥይ ሰው ነሽ። በሞቴ ወይኒ፣ እንደ ደህና ነገር አጣጥፈሽ አታስቀምጪው።

እህትሽ አደይ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አቃጥዬዋለሁ! ስንቴ ትጠይቂኛለሽ? አንዴ በደብዳቤ፣ አንዴ በእንቁ አፍ፣ ደሞ ትናንት ለገበያ በመጣችው ጎረቤትሽ። ጓሮ ወስጄ፣ ጋዝ አርከፍክፌ፣ ክብሪት ጫርኩበት። ጥለቱ ሲነድ እንደ ፀጉር ሸተተ፤ ጎረቤቶቼ ምን ይቃጠላል እያሉ ወጡ። አመዱንም በውሃ አጠብኩት። ሌላ ምን ላድርግ፣ ተዝካር ላውጣለት?

ይልቅ የእኔን ጉድ ስሚ። ሰባት ቀን የሚሉትን ነገር ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነው ያመጣሁት። ያሠለጠነችን ልጅ "ገዢያችሁ ሳይነካውና ሳይለካው ነው የሚገዛችሁ፤ የመመለስ መብቱን ካላከበራችሁ ማን ያምናችኋል?" አለችን። እውነቷን ነው። በአገሩ ሱቅ ሁሉ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተለጥፎ እያየሁ እኔ ብልጧ "በሰባት ቀን ውስጥ ያለ ምንም ጥያቄ" ብዬ ለጠፍኩ። ገዢው ጎረፈ። በሬ ሆይ እንደሚባለው ሳሩን አየሁ፣ ገደሉን አላየሁም።

ለጥምቀት ገዝተው፣ ታቦት አጅበው፣ ሲጨፍሩ ውለው፣ በአራተኛው ቀን "ጠበበኝ" ብለው የሚመልሱ ሞልተዋል። አንገቱ ላይ ቅቤ፣ ጫፉ ላይ ጭቃ፣ ብብቱን አልነግርሽም። ባለፈው አንዷን "ይህ የዶሮ ወጥ ከሸማኔው ነው የመጣው?" ብላት ፀጉሬን ጨምድዳ ከግድግዳ ጋር አላተመችኝ። እኔም እጇን ነከስኳት፤ ደም ደም እስኪለኝ ነከስኳት። የቤት አከራዬ በመጥረጊያ እንጨት ነው ያላቀቁን። ብሯን ግን ይዛ ሄደች፣ መብቷ ነው። ትልቁ ነጋዴ አንድ ቀሚስ ቢመለስበት መጋዘን ይጥለዋል። እኔ ግን አንዱ ቀሚስ ሲመለስ ሱቁ ነው የሚዘጋብኝ። ለዚህ ወር ለሸማኔው የምሰጠው ክር እንኳ አልነበረኝም።

ደግነቱ አሁን ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ጅጋ ያለ አንድ ልጅ ከጾም በፊት ሠርግ ደርሶበት "የተዘጋጀ ቀሚስ አለሽ ወይ?" ብሎ ጻፈልኝ። ዋጋ አልተከራከረ፣ ሁለት ጊዜ አልጠየቀ፣ በማግስቱ ሰው ልኮ ወሰደ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ይብዛልኝ።

ለታከለ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሌላ ሴት ትመጣለች በይው፣ አገሩ ሴት ብቻ ነው።

ታናሽሽ ወይኒቱ


ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይኒ፣

መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ይቅር በይኝ። ሰው እንዳልልክብሽ መንገዱ እንደምታውቂው ተዘግቷል፣ ከእንቁ በቀር ደፍሮ የሚያልፍ የለም። ታከለ ሞቷል። ሰኞ ቀበርነው።

እሑድ ዕለት ሀይማኖት ተዳረች። አባቷ ጾም ሳይገባ ብለው አጣድፈው ለአንድ የጅጋ ልጅ ሰጧት፣ ዘሚካኤል ይባላል፣ እህል ነጋዴ ነው። እኛ መስማቱንም አልሰማን። እዚያው ዳስ ውስጥ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት፣ የእሱ ጥሎሽ ተዘረጋ። ደረቱ ላይ ሰባት የስንዴ ዛላ ያለበት ቀሚስ ወጣ።

የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እንደከፈቱ ቀሩ። ሙሽሪት አይታ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ አንዷ አፈ ስል ከበሮውን ተቀብላ አወረደችው፦

አንዱ ዘርቶት ሄደ፣ አንዱ ሲያጭድ ዋለ፤
ሰባት ዛላ ስንዴ፣ ስሙ የታከለ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ አሉ። ያቺ ዘፈን እኛ ደጅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት አልፈጀባትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንድ ዘመዳችን ከሠርጉ እየሮጠ መጥቶ ለታከለ ነገረው፣ ነጋሪው ዓይኑ ይጥፋ። ታከለ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የተናገረው ቃል "ሽመሌን" ነበር። ሦስት የአጎቱ ልጆች ተከተሉት። ሙሽሮቹን መንገድ ላይ አገኟቸው። ዱላ ነው የነበረው፣ ድንጋይ ነው የነበረው፣ ከዚያ አንድ ጥይት ጮኸ። ከማን እጅ እንደወጣ እስካሁን አልታወቀም። ከታከለ ጆሮ ሥር ገብቶ በማዶ ወጣ። በቃሬዛ ሲያመጡት ሽመሉን አልለቀቀም ነበር፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የፈታናቸው። ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ደሙ አልለቀቀም።

አሁን ገነነ ከጎኔ ተቀምጧል። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ እኔ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ጠይቂያት ያለኝን ልጠይቅሽ፣ መልስሽንም ለእሱ ነው የማነብለት። ያ ቀሚስ የኛው ቀሚስ ነው ወይ? ወይስ ሌላ ነው? እውነቱን ማወቅ አለብን ይላል።

አደይ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አደይ እና ለጋሼ ገነነ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነፍሱን ይማርልኝ። ታከለ ለእኔም ወንድሜ ነበር፤ ባለፈው ዓመት መደርደሪያዬን ቡሬ ድረስ ተሸክሞ ያስጫነልኝ እሱ ነው። መጥቼ ማልቀስ ሲገባኝ መንገዱ ዘግቶብኝ በወረቀት ማልቀሴ ያሳፍረኛል።

የጠየቃችሁኝን ነገር ልመልስ። ቀሚሱ የናንተ አይደለም። የናንተን አቃጥዬዋለሁ፣ ለእትዬም ጽፌላታለሁ። ፎቶው ግን ቻናሌ ላይ ቆይቶ ነበር። ልጁ እሱን አይቶ ልክ እንደዚህ ይሠራልኝ ብሎ ሳያዝ አልቀረም። ሸማኔው አንድ ዓይነት ሁለት ሠርቷል። እኔ የሙሽራዋን ስም አልጠየቅሁም፣ ልጁም አልነገረኝም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ወይኒቱ


ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይኒ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ገነነ እንደጻፍኩ አያውቅም።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! "ልክ እንደዚህ ይሠራልኝ ብሎ" የምትለዋን ሦስቴ አስደገመኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣና ከበሩ ፊት ያለውን ዋንዛ በመጥረቢያ እስኪመሽ ሲከተክተው ዋለ። ዛፉን ጥሎ ነው የገባው። "አየሽ፣ አይቶ ነው። የወንድሜን ቀሚስ አይቶ፣ አምሳያውን አሠርቶ፣ እናንተ ያቃታችሁን እኔ አለበስኳት ሊለን ነው" አለኝ።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ዘሚካኤል ነው የላካቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ምሏል አሉ። "ቀሚሱን ከቻናል ላይ የተዘጋጀ አግኝቼ ገዛሁ፣ የማን እንደነበረ አላውቅም፣ ጥይቱም ከእኔ ወገን አልወጣም" ብሎ። ሽማግሌዎቹ ሁለት መንገድ አስቀመጡ። ቀሚሱ በስህተት የገባ እንደሆነ የታከለ ሞት የግርግር ሞት ነው፤ ዘሚካኤል ካሣውን ይክፈል፣ መስቀል ይጨበጥ፣ ደሙ ይድረቅ። ሆን ብሎ አሠርቶት እንደሆነ ግን ማንም ይተኩስ ማን ገዳዩ እሱ ነው፣ እኛም እጃችንን እናወጣለን አሉ።

ገነነ ያንቺን ደብዳቤ ከኪሱ አወጣ። "አንብቢላቸው" አለኝ። በገዛ አፌ አነበብኩት። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው "ምሎም ዋሸን ማለት ነው" አሉና ተነሡ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ገነነ የታከለ አርባ ሳይደርስ ደሙን እመልሳለሁ ብሎ ምሏል። ጠመንጃውን ከቆጡ አውርዷል። ማታ "ምናልባት ልጅቷ ተሳስታ ቢሆንስ፣ ምናልባት ያው ቀሚስ ቢሆንስ?" አልኩት። ግራ ዓይኔ አሁንም አልተከፈተም፣ በአንዱ ነው የምጽፍልሽ። ከመታኝ በኋላ ቁጭ ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ እንዲህ አለኝ፦ "ከእሳት ያተረፈችው እንደሆነማ ወንድሜን የገደለችው እሷ ናት። ሴት ናት ብዬ፣ እህትሽ ናት ብዬ አልተዋትም።" አላስፈራራኝም ወይኒ። ነገ ስለሚያርሰው መሬት እንደሚያወራ ነው የነገረኝ።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ አንቺም ነሽ፣ ግን አባታችን ሲሞቱ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። የተበላሸ ድር እሳት ውስጥ ሲጥሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ጥጥ ሲቃጠል ወረቀት ወረቀት ነው የሚሸተው። እንደ ፀጉር አይሸትም።

እውነቱን ጻፊልኝ። ለእኔ ብቻ።

አደይ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አላቃጠልኩትም።

ክብሪቱን ጭሬ ነበር፣ ማርያምን። ጓሮ ወጥቼ ነበር። ወርቁ ክር በፀሐይ ሲያብረቀርቅ እጄ እምቢ አለኝ። የሦስት ወር ልፋቴ ነው፣ ባልሽ ደግሞ ብሩን ወስደዋል። በዚያ ሳምንት ሌላ ሦስት ቀሚስ ተመልሶብኝ የቤት አከራዬ ዕቃሽን አወጣለሁ ብለውኝ ነበር። አንድ ሰው አልለበሰው፣ አልቆሸሸ፣ ምን ኃጢአት አለው አልኩ። ጅጋ ሩቅ ነው፣ ማን ያየዋል አልኩ። አዲስ ነው ብዬ ሸጥኩት። የሙሽራዋን ስም ብጠይቅ ኖሮ! አንድ ቃል፣ "ማንን ነው የምታገባው?" የሚል አንድ ቃል ታከለን ያተርፈው ነበር። አልጠየቅሁም። ሽያጩ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ነው።

ሁለተኛ ቀሚስ የለም። ሸማኔው አንድ ነው የሠራው። ልክ እንደዚህ ይሠራልኝ ያለ ሰው የለም። አቃጥያለሁ ብዬ ስለጻፍኩ፣ ባልሽም አጠገብሽ ተቀምጠው እንደሚሰሙ ስለነገርሽኝ፣ ሌላ መውጫ አጣሁ። አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ። ነገሩን እንደማስታግሰው ነበር የመሰለኝ። በሰው አንገት ላይ ገመድ እንደምፈትል መች አወቅሁ?

ዛሬ ጠዋት ለዘሚካኤል ደወልኩለት። "ከቤትህ ራቅ" አልኩት። "ምን አጥፍቼ?" አለኝ። ደህና ልጅ ነው እትዬ፣ ድምፁ ደህና ልጅ ነው። "እህቴ፣ እኔ ከአንቺ በቀር ምስክር የለኝም። የተዘጋጀ ቀሚስ እንደሸጥሽልኝ፣ ይህችን ብቻ ለሽማግሌዎቹ ጻፊልኝ" አለኝ። እጽፋለሁ አልኩት። "እግዜር ይስጥሽ" ብሎ መረቀኝ። ስልኩን ዘግቼ ያ ነጠላ በተጣለበት ወለል ላይ ተደፍቼ ጮህኩ።

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩ። ለአንቺ ብቻ አይደለም። ለጋሼ ገነነ አንብቢላቸው፣ ለሽማግሌዎቹም አንብቢላቸው። ቀሚሱ የታከለ ቀሚስ ነው፤ ዘሚካኤል አያውቅም፤ ምሎ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ወይኒቱ ነኝ። ባልሽ ሊገድሉ ከሆነ እኔን ይግደሉ። ትራንስፖርት እስከ ሐሙስ ይከፈታል ብለዋል፤ እንደተከፈተ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃችሁ እወድቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህች ወረቀት ትድረስ። እንቁን ለምኛታለሁ፣ በእግሯም ቢሆን እንድትሄድ። በርበሬ ውስጥ አታድርጊው፣ ጡትሽ ሥር ያዢው ብያታለሁ።

አሁኑኑ አንብቢላቸው እትዬ። በእናታችን አፅም።

ወይኒቱ


ቡሬ ዙሪያ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይኒ እህቴ፣

እንቁን "ደብዳቤዬ በጊዜ ደረሰ ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻታል። እሷ ነግራሽ ከሆነም እኔም ልንገርሽ። በጊዜው ደርሷል። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ምንጩ ጋ ጠብቃ ሰጠችኝ። እግሯ አብጦ ነበር።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ቤት ስገባ ገነነ ደጅ ላይ ጠመንጃውን ፈቶ እየወለወለ ነው። "የት ቆየሽ?" አለኝ። "ምንጩ ላይ ሰው በዝቶ" አልኩት። ወረቀቱ ደረቴ ላይ እሳት ሆነብኝ።

አሁኑኑ አንብቢላቸው ብለሻል። ላነብ አስቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ምሳ ሳቀርብለት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ያለኝ ትዝ አለኝ፣ ረጋ ብሎ ያለኝ። እኔ ያንን ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ፣ ዝቶ የቀረበት ጊዜ የለም። ያንን ወረቀት ባነብለት ጠመንጃውን አያስቀምጥም፤ አፈሙዙን ነው የሚያዞረው። ጅጋ መሄዱን ትቶ ፍኖተ ሰላም ይሄዳል። በርሽን ያውቀዋል፣ በእርግጫ ከፍቶታል።

ሰኞ ለቄሱ ልንገር ብዬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄጃለሁ። ቄሱ ለሽማግሌዎቹ ይነግራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ለገነነ ይነግራሉ። ካጥሩ ተመለስኩ። ዘሚካኤልን አላውቀውም። ፊቱን አይቼው አላውቅም። አንቺ ግን እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁሽ ነሽ። ወረቀቱን በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ስንቅ ቋጠርኩለት። አዎ፣ እኔው ነኝ የቋጠርኩለት።

ዘሚካኤልን ረቡዕ ጠዋት የሱቁን በር ሲከፍት አገኘው አሉ። ሁለት ጥይት ነው። ሀይማኖት በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰች፣ የሙሽርነቷ እንሶስላ ከእግሯ ገና አልለቀቀም። ከመሞቱ በፊት "ጽፋላችኋለች፣ ጠይቋት፣ ጽፋላችኋለች" ይል ነበር አሉ። ሰዉ ማንን እንደሚል አላወቀም። እኔ ስሰማ አወቅሁ።

ገነነ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዷል። የዘሚካኤል ወንድሞች ትናንት መጥተው ሁለቱን በሬዎች ጉሮሯቸውን አርደው ሄዱ። ሥጋውን አልነኩትም፣ እንዲያው ደጄ ላይ ጥለውት ሄዱ። ልጆቼን ደብር ማዶ አጎታቸው ዘንድ አሽሽቻለሁ። ወንዱ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከእንግዲህ ሲያድግ ዕድሜውን የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው።

ትላንት ሽማግሌዎቹ "ከእህትሽ የመጣ ሌላ ቃል አለ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው በየቤቱ ማውራት ጀምሯል። መስቀል ዘረጉልኝ። እጄን መስቀሉ ላይ አድርጌ "የለም" አልኩ። ከዚህ በኋላ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሳለምም።

ድንጋይ ተሸክሜ እመጣለሁ ብለሻል። አትምጪ። ለማን ደጅ ልትወድቂ? ገነነ የለም፣ ታከለ የለም፣ ያኛውም የለም። ብትመጪና እውነቱን ብትናገሪ እኔ ምዬ የካድኩ ሴት ነኝ፣ የዘሚካኤል ደም ደግሞ በከንቱ የፈሰሰ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ሳንሞት አይጥራብን። አንቺ ኑሪ። ልብስሽን ሽጪ። ለቀሚስሽ ሁሉ የሙሽራዋን ስም ጠይቂ። እኔን ግን እትዬ ብለሽ አትጻፊልኝ፣ እህት እንዳለኝ ሰው ባያውቅ ይሻላል። በአንቺ ተናድጄ አይደለም። ተናድጃለሁ፣ ማንን እዋሻለሁ፣ ፊትሽን ባየው በጥፍሬ እቧጭረዋለሁ። ግን ደግሞ እንዳይሞት ያደረግሁት እሱኑ ፊትሽን ነው።

የላክሽውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ማንም አላነበበውም፣ አልተቀደደም፣ በርበሬ በርበሬ ከመሽተቱ በቀር እንደላክሽው ነው። ሰባት ቀን አልሞላውም።

ይህን እንኳ አቃጥይው።

አደይ